ባለቤት ያቀለለው አሞሌ

«አባባ፣ ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ነው» አልከኝ። ሰምቻለሁ። ግን ይህን ስትል የት እንደተቀመጥክ ልብ ብለሃል? ቬንቲላተሩ ሥር። የዚህን የጅቡቲ ሠፈር፣ የካርቲየ 5ን ሀሩር ለአንተ አልነግርህም፤ ይህች ክንፍ ባትዞር አንተም እኔም እዚህ ተቀምጠን ወግ አንይዝም ነበር። የሚያዞራት ኮረንቲ አብዛኛው ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ? ከአገርህ ከኢትዮጵያ ነው። በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው መሥመር ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ድንበር ተሻግሮ ይመጣል። ያች ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃም ምናልባት ከሶማሌ ክልል፣ ከሀዳጋላ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በቧንቧ ተጉዞ የደረሰ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያለ ክፍያ እንዲፈስ ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመዋል። እኔ ደግ አደረጉ ነው የምለው፤ ጎረቤት ሲጠማ ዝም አይባልም። የፈረሙት ግን በማን ስም ነው? በአንተም በእኔም ስም ነው። ተጠይቀሃል? አልተጠየቅህም። አየህ ልጄ፣ አንተ በሩቁ ስትለው እሱ ጣሪያህ ላይ ተሰቅሎ ይዞራል።

አልቆጣህም። ያችን አባባል እኔም ከአባቴ ተቀብዬ ለልጆቼ አጉርሻለሁ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. አገር ቤት ወጣት ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባቱ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በረሃውን አቋርጠው እዚህ የደረሱትን ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ። እግራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ከንፈራቸው ደርቆ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን «ጎመን በጤና» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እባብ ያየ በልጥ በረየ። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ የወደቁትንም እናንተ ባታስታውሱ እናቶቻችሁ ያስታውሳሉ፤ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው ሲቪሎች ብቻ 193 ነበሩ፣ ፖሊሶች ደግሞ 6። እናንተም የራሳችሁን እባብ አይታችኋል፤ የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ስንቶቻችሁ ገና ደብተር ትይዙ ነበር። ስለዚህ ፍርሃታችሁን አልንቀውም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ለአንድ ክፉ ሌሊት የተበጀች መደበቂያ የዕድሜ ልክ ቤት ሆነችብን።

እኔ ዲስኩር አላውቅም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመቁጠር ነው። በ1963 ዓ.ም. ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ ወደብ ገባሁ፤ ሸክሙን አልቻልኩትም፣ ፊደል እቆጥር ስለነበር ዕቃ ቆጣሪ አደረጉኝ። በኋላ አሰብ ተዘግቶ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን ዕቃ ሁሉ ወደዚህ ሲዞርማ እህሉን፣ ማዳበሪያውን፣ ስኳሩን ስንቱን ቆጥሬዋለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከረጢቱ ሲያልፍ አንድ ጭረት፣ ሲያልፍ አንድ ጭረት፤ አራት ጭረት ሲሆን አምስተኛውን በላያቸው አጋድመህ ታስራቸዋለህ። አምስት በአምስት እየታሰረ ወረቀቱ ይሞላል። ዋናው ነገር ግን ቆጣሪው አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ የመርከቡ ነው፣ አንዱ የመጋዘኑ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዳቸው የሌላውን ወረቀት ሳያዩ፣ ያንኑ ከረጢት ይቆጥራሉ። ማታ ወረቀቶቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከተገጣጠሙ ፊርማ፤ ካልተገጣጠሙ ያን ማታ እራት የሚበላ የለም። የመርከቡ ሰው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ነው ነገሩ። ወንድማማችም ቢሆኑ ሁለት ወረቀት ይያዛል።

አንድ ቀን፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ አሸዋው ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ ከጥላ ገብቼ ሻይ ልጠጣ ብዬ ባልንጀራዬን «አንተ ቁጠር፣ እኔ እፈርማለሁ» አልኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ዛሬም ክፉ አልናገረውም። ማታ የእሱን ቁጥር ገልብጬ ፈረምኩ። በማግሥቱ መጋዘኑ ሲታይ ስልሳ ከረጢት ጎድሏል። የት ሄደ? ማን ወሰደው? እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቅጣቱ የወደቀው ማን ላይ ነው ብትለኝ፣ ቀኑን ሙሉ በጀርባቸው ሲሸከሙ የዋሉት ኩሊዎች ላይ። የቀን ሒሳባቸው ተቆረጠ። ከመካከላቸው አንዱ እዚሁ ሠፈር፣ ከእኔ ቤት ሦስት በር አልፎ ነበር የሚኖረው፤ ስንገናኝ ሰላምታ አልከለከለኝም፣ ግን ዓይኔን አያየኝም። ሌባውን ማንም አላወቀውም። ፊርማው ግን የእኔ ነበር።

ይህን የምነግርህ ለምን እንደሆነ ገብቶሃል። የምርጫ ቀን ቤቱ የተኛ ሰው አልፈረምኩም ይላል። ፈርሟል። ሳይቆጥር ነው የፈረመው።

የአፋር ወንድሞቻችን ጨው ከምድራቸው ቆርጠው በግመል ሲያወጡ በነበረበት ዘመን፣ አሞሌ በአገራችን ገበያ ገንዘብ ነበር። ይህ የእዚህ የአሳል ሐይቅ ጨው ዛሬ ለቱሪስት በላስቲክ ይሸጣል፤ ያኔ ግን ጨው ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ዘመን የተረፈች አንዲት አባባል አለች፤ ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ባለቤቱ ራሱ «እሱ እኮ ተሸራርፏል፣ ምንም አይገዛም» እያለ ገበያ ካወጣው፣ ማን በሙሉ ዋጋ ይወስድለታል? ዛሬ ስልክህን ከፍተህ «የእኔ ድምፅ ምን ሊለውጥ» ብለህ የጻፍክ ልጅ አሞሌህን አቅልለህ ገበያ አውጥተሃል። ሹመኛው ደግሞ ነጋዴ ነው፤ ባልከው ዋጋ ይወስድሃል።

የድምፅ ዋጋ እንዲገባህ አሁን እናንተ ካርቲየ ሳንክ ስለምትሉት ስለዚህ ሠፈር ልንገርህ፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያውቃል። እኔ ስመጣ ከተማዋ በእሾሃማ ሽቦ ታጥራ ነበር። ሽቦው የተዘረጋበትን ምክንያት ጎረቤቶቼ የሆኑ የሶማሌ ሽማግሌዎች ማታ ማታ ሻይ እየጠጡ አጫውተውኛል። በነሐሴ 1958 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ሲመጣ ወጣቶች ነጻነት የሚል ጽሑፍ ይዘው አደባባይ ወጡ። ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ግን ጥያቄው ስለተሰማ ፈረንሳይ «እንግዲያው ሕዝቡ ይጠየቅ» አለች። በመጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ ያሉት 22,555፣ አይሆንም ያሉት 14,666። ነጻነት ተሸነፈ።

እዚህ ላይ ነው እኔ፣ እንደ ቆጣሪ፣ ጆሮዬ የቆመው። «በመዝገቡ ላይ ስንት ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። 39 ሺህ ገደማ። ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. እኔ እዚህ እያለሁ ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው ከ105 ሺህ በላይ ሆነ። ነጻነት ከ80 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ፤ ተቃዋሚው ሁለት መቶ አልሞላም። ሰኔ 20 ባንዲራው ተሰቀለ፤ ሠፈሩ ሲጨፍር ያደረ ሌሊት ነው፣ እኔም አብሬ ጨፍሬያለሁ፣ ምን ልዋሽ። ልብ በል፤ በአሥር ዓመት የሰው ልብ አልተለወጠም ማለቴ አይደለም፣ ተለውጧል። ግን ከ39 ሺህ ወደ 105 ሺህ የዘለለው የሕዝብ ቁጥር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ መዝገቡ ውስጥ ያልነበረው፣ መታወቂያ የለህም ተብሎ ከሽቦው ውጭ የቀረው ሰው ነው የገባው። የመጀመሪያው ምርጫ የተወሰነው ሣጥኑ ከመቀመጡ በፊት ነበር። ደብተሩ ላይ ነበር።

ለዚህ ነው «ምርጫው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ልጅ «ምዝገባው መቼ ነው?» ብለህ ጠይቅ የምለው። ምርጫው ሲደርስማ ሁሉም ይሰማል፤ መኪና በድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል፣ ቲክቶኩ ይሞላል። ምዝገባው ግን ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። አገር ቤት ሕጉ ቀላል ነው፤ 18 ዓመት የሞላህ፣ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖርክ እንደሆንክ ሄደህ ካርድ ትወስዳለህ። 21 ከሞላህ ደግሞ መምረጥ ብቻ ሳይሆን መመረጥ ትችላለህ። በአባቴ ጊዜ ለመምረጥ እንኳ 21 ይጠየቅ ነበር።

አባቴን ካነሣሁ አይቀር፣ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ሲመርጥ አስታውሳለሁ። የአገራችን ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር ቤት እንደራሴ የመረጠው ያኔ ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ዕጩው በራሱ ስም ነው የሚቀርበው፣ ንብረት ያለው መሆን አለበት። አባቴ የክት ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ከዘራውን ይዞ ወጣ። ሲመለስ እናቴ «ምን አሉህ?» አለችው። «ጠየቁኝ» አላት። በቃ፣ ይቺው ናት። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባለ ላደገ ሰው ያቺ «ጠየቁኝ» ቀላል ቃል አልነበረችም። በዚያው ምርጫ ሰንዱ ገብሩ የምትባል ሴት፣ ከማይጨው ዘመን አርበኞች አንዷ፣ ወንዶቹን አሸንፋ ምክር ቤት ገባች። ይህን የምለው ለዚህች ሻይ ለምትቀዳልን ልጅ ነው፤ ምርጫ የወንዶች የጫት ወሬ ይመስላታል። እዚህ ጅቡቲ ሴቶች ፓርላማ የገቡት በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ሰባት ሆነው። አገርሽ አርባ አምስት ዓመት ቀድማ ነበር፤ ይህን ስትሰሚ ሻዩ አይገንፍልብሽ።

አንተ ደግሞ «2002ን አየን፣ 2007ን አየን፣ ምን ተረፈን» ልትለኝ ነው። አውቃለሁ፣ ከዚህ አላመልጥም። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበር 545ቱ የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም። እኔ ወደብ ላይ ይህን ያህል ዘመን ስቆጥር አንድ ከረጢት ያልተቀደደበት፣ አንድ ያልረጠበበት መርከብ አይቼ አላውቅም። መርከቡ ሙሉ በሙሉ ደኅና ነው የሚል ወረቀት ሲቀርብልኝ ያን ጊዜ ነው ብዕሬን አስቀምጬ ወደ መጋዘኑ የምሄደው። ከዚያ ምርጫ ስድስት ወር ሳይሞላ ኦሮሚያ ላይ ተቃውሞው ተነሣ፤ ቀጥሎ አማራው። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን እለቃለሁ አሉ። ያ ሁሉ ቅሬታ በሣጥኑ ውስጥ መንገድ ቢያገኝ ኖሮ ስንት ልጅ ከአስፋልት ይተርፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሣጥኑ የማይናገረው ነገር ጠፍቶ አይቀርም፤ ሌላ በር ይፈልጋል።

በ2013ቱስ? ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ምርጫ ቦርዱን የመራችው ብርቱካን ሚደቅሳ ናት፤ ዳኛ የነበረች፣ በ1997 ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች አንዷ ሆና የታሰረች፣ ዳግመኛ የታሰረች፣ ተሰድዳ የኖረች። የታሳሪዋን እጅ ሣጥኑን ሲጠብቅ ማየት ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም። እውነቱን ግን ልደብቅህ አልችልም፤ ትግራይ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ብዙ ቦታ ምርጫ አልተደረገም፣ ከተደረገበትም ገዢው ፓርቲ ከጥቂቱ በቀር ሁሉን ወሰደ። ሙሉ አልነበረም። በዚያው ምርጫ ግን አንድ የወደድኩት ነገር አለ፤ ማታ እዚያው ጣቢያው ላይ ይቆጠራል፣ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ይህ የመጋዘኑ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ወረቀት የአንተ ስልክ ነው፤ ሄደህ ፎቶ አንሣው፣ ኋላ ከሚነገረው ጋር አስተያየው። ስንቱ ወጣት ድምፁን ሰጥቶ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ የጣቱን ፎቶ ለጥፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ጣትህ ቁጥር አይደለም። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው ቁጥሩ።

ሌላ የሚያብከነክነኝ ጉዳይ አለ፣ ማንም አያወራውም። ቀበሌና ወረዳ። የመላ አገሪቱ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠ የ18 ዓመት ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። መታወቂያ የሚከለክልህ፣ የውሃውን ቦኖ የሚዘጋብህ፣ መሬቱን የሚለካብህ ሚኒስትሩ ነው እንዴ? የቀበሌው ሰው ነው። ስሙንና ቤቱን የምታውቀውን፣ እናቱ ከእናትህ ጋር ማኅበር የምትጠጣውን ሰው መምረጥ ሳትችል፣ በቴሌቪዥን ስለምታየው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ትከራከራለህ። እኔ ብሆን የምጮኸው ለቀበሌ ምርጫ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እሺ፣ ከዚህ ከካርቲየ 5 ሆነህ ምን ታደርጋለህ? እዚህ የተቀመጣችሁት ሦስት ዓይነት ናችሁ፤ አንድ አልቆጥራችሁም።

የመጀመሪያው እዚህ ተወልደህ፣ እናትህ ወይ አባትህ የዚህ አገር ሰው ሆኖ፣ መታወቂያው በኪስህ ያለ ነህ። አንተ «እኛ ሐበሾች እንግዳ ነን» ስትል እሰማሃለሁ። እንግዳ እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ብኖርም የሰው ቤት ድስት ከፍቼ አላማስልም፤ ማን ይመረጥ ማን ይውረድ ከአፌ አትሰማም። አንተ ግን ባለቤት ነህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እዚህ የሚመረጠው አርብ ቀን ነው፤ አንተ አርብ የት ትውላለህ? መኝታ ላይ፣ ከዚያ ጫቱ እስኪገባ መጠበቅ። የአገርህን ታሪክ ካላወቅህ እኔ እንግዳው ልንገርህ። በ1995 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ጥምረት ከመቶ 37 ድምፅ አገኘ፤ ሕጉ አሸናፊ ሁሉን ይውሰድ የሚል ስለነበረ ከ65 ወንበር አንድ እንኳ አልደረሰውም። አኩርፈው ቀጣዩን ምርጫ ተዉት። በ2004 ዓ.ም. ግን አዲስ የተሰባሰቡ ሰዎች፣ ከነማን ጋር ብትል ከአንተ ዕድሜ ልጆች ጋር፣ ለከተማዋ ምክር ቤት ተወዳድረው አሸነፉ፤ አብዱራህማን ሞሐመድ ጌሌ ከንቲባ ሆነ። በዓመቱ ሕጉ ተሻሽሎ 20 ከመቶው ወንበር በድምፅ ድርሻ እንዲከፋፈል ተደረገና ተቃዋሚዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ ገቡ። ጭቅጭቁ ብዙ ነበር፣ እስር ነበር፣ አላሳምረውም። ግን ኩርፊያው ምንም አላመጣም፤ መወዳደሩ አመጣ። ይህን ያህል ብቻ ነው የምለው፣ ሌላው የቤቱ ገመና ነው።

ሁለተኛው ከአገር ቤት መጥተህ እዚህ ሥራ የያዝክ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ የመኪና ረዳት ሆነህ እስከ ጋላፊ ድንበር የምትመላለስ ነህ። አንተ ከዚህ ሆነህ ለአገር ቤት መምረጥ አትችልም፤ በ2013ቱ ምርጫ ኤምባሲው በር ላይ ሣጥን አልተቀመጠልንም። ቅር ይለኛል፣ አልክድም። ግን አስበው፤ በየወሩ ለቤትህ ገንዘብ ትልካለህ። ስትልክ «ለማዳበሪያው ይሁን፣ ለእህትህ ትምህርት ይሁን» ትላለህ፣ ይሰሙሃል። ፍራንኩን የላከ ሰው አፉ «እማዬ፣ ካርድ አውጥተሻል? ታናሽ እህቴስ 18 አልሞላትም?» ለማለት ለምን ይታሰራል? ማንን ምረጡ አትበል፤ ከሩቅ ሆኖ ሰውን ማዘዝ ነውር ነው፣ ደግሞም ቤተሰብ ታጣላለህ። ተመዝገቡ በል። ቆጠራውን እዩ በል። ስልክህን ለዚህ ብታውለው፣ የሌላን ብሔር ልጅ ለመስደብ ከምታወጣው ያነሰ የስልክ ካርድ ነው የሚጨርሰው። ይህቺን በልብህ ያዝልኝ፤ ስድብ ተሳትፎ አይደለም። ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ድምፁ ጉሮሮውን ያደርቀዋል እንጂ በግ አያድንም።

ሦስተኛው አንተ ነህ። ዝም ብለህ ጥጉን ይዘህ የተቀመጥከው። አላወቅኩህም መስሎሃል? ጫማህን አይቼ ነው ያወቅኩህ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የመን። አላስርህም፣ ፖሊስ አይደለሁም። ግን በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት እዚያው ኦቦክ አቅራቢያ ሁለት ጀልባ ተገልብጦ ያለቁት ሰዎች የአንተ ዓይነት ጫማ ነበራቸው። ለአንተ ስለ ምርጫ ባወራ ትስቃለህ፤ ሳቅ። ብቻ አንድ ነገር ጠይቄህ ልተውህ፤ ከመንደርህ ስትወጣ መሬቱን ማን ነው የነፈገህ? ስሙን ታውቀዋለህ። ሁላችሁም ስሙን ታውቁታላችሁ። ያን ሰው እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠውን ሰው ግን አንድም ቀን ጠይቃችሁት አታውቁም። አሁን ብላ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

የቀረው የእኛ ጉዳይ ነው፣ ዕድራችን። ይህን ደብተር የያዝኩት በልጅነቴ ነው ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ዓይኔ ካለ መነጽር አያነብም። በየሁለት ዓመቱ ኮሚቴ እንመርጣለን። ማን ይመጣል? እኛው ሽማግሌዎች። ማንን እንመርጣለን? እኛኑ። እናንተ ደግሞ በቴሌግራም «ሽማግሌዎቹ ዕድሩን ወረሱት» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ወርሰነዋል! ባዶ ቤት አግኝተን ምን እናድርግ? ባለፈው ዓመት ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ መዋጮው ይጨመር ወይስ አይጨመር ሲባል፣ ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ሆናችሁ የወሰንነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። ከዘጠኙ ሁለቱ በደንብ አይሰሙም፤ አንደኛው እጁን ያወጣው ዝንብ ለመከልከል ይሁን ለመስማማት እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። እኔ ግን «ስምንት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ» ብዬ ጻፍኩት። ተው ብሎ እጄን የያዘ፣ «አባባ፣ እንደገና ይቆጠር» ያለ አንድ ልጅ የለም።

እዚህ ያልቆጠረ እዚያ አይቆጥርም። ፓርላማ ሲባል የምታስፈራህ ያች ቃል ከዕድር ስብሰባ የምትለየው በወንበሩ ብዛት ነው፤ አጀንዳ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የሚያንቀላፋ አለ፣ ጮኾ የሚያሸንፍ የሚመስለው አለ፣ ቃለ ጉባኤውን የማያነብ አለ። ቃለ ጉባኤውን የሚያነብ አንድ ሰው ካለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይጠነቀቃል። እሱ ነው የሚያስፈልገኝ። ዲግሪ አያሻውም።

ለ2018 ዓ.ም. የተቀጠረው ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰላም የሌለበት ቦታ ብዙ ነው፣ ካርድ ለማውጣት መንገድ የሚፈራ ወገን አለ፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚል ዕጩም አይጠፋም። «ምረጥና ሁሉ ይስተካከላል» ብዬ አልዋሽህም። ስልሳ ከረጢት ከጎደለ በኋላ እኔም በትክክል ብቆጥር ስልሳው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ግን በእኔ በር በኩል አንድ ከረጢት አልወጣም፤ ሌባው በር ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ የእኔ በር ግን ተዘጋበት።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስብሰባ ነው። ሰዓቱን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጫቱ ሳይገባ፣ ሀሩሩ ሳይከር። አንተ፣ ኮረንቲ በሩቁ ያልከው፣ ና ወዲህ። ይህን ደብተር ያዝ። እርሳሱ አለ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ነው። ቀኑን ጻፍ። አሁን እዚህ የተቀመጥነውን ቁጠር፤ አራት ሲሞላ አምስተኛውን አጋድምበት፣ እንዲያ… አዎ። ስንት አልክ?

ሃያ ሦስት? ጥጉን የያዘውን ልጅ ጨምረሃል? ወጣ? መቼ ወጣ?

ድገመው።